የደብሩን ደን ማዳን፦ ከካቡ እስከ ችግኙ

ሰኔ ሲገባ ስልኬ አያርፍም። «ለደብራችን ችግኝ ልንተክል ነው፤ የቱ ዓይነት ይሻላል?» ይሉኛል። ከአዲስ አበባም ይደወላል፣ ከዋሽንግተንም ይደወላል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ሰው ክርስትና የተነሳበትን ደብር ሲያስብ ማየት ደስ ይላል። መልሴ ግን ሁሌም አንድ ነው፦ ችግኙ ለጊዜው ይቆይ። መጀመሪያ ከብቱን ከደኑ እናውጣ።

ይህን ያወቅሁት ተሳስቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደቡብ ጎንደር ውስጥ በአያቴ ደብር ከወጣቶች ጋር ሆነን 300 ችግኝ ተከልን። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ነበር። ካህናቱ መረቁን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ጠላ ተጠጣ። ለጥምቀት ስመለስ የቆመው 9 ብቻ ነበር። ሌላውን ከብት በልቶታል፤ ያልበላውን ረግጦታል። ከፍቶኝ ደኑን ስዞር አንድ የአጋም ቁጥቋጦ አጠገብ ጎንበስ አልኩ። እሾኹን በዱላ ገለጥ ሳደርግ አራት የወይራ ቡቃያና አንዲት ጣት የምታህል ዝግባ አየሁ። ማንም አልተከላቸውም፤ ማንም ውኃ አላጠጣቸውም። የላም አፍ እሾኹን አልፎ መግባት ስላልቻለ ብቻ ተርፈዋል።

ከዚያ ወዲህ ያየሁትንና የሠራሁትን እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የደብር ወጣቶች፣ ከሩቅ ሆናችሁ ገንዘብ የምታዋጡም እንድትጠቀሙበት ነው።

ከሥራው በፊት፦ እጃችሁ ላይ ያለው ምንድን ነው?

በሰሜኑ ደጋ የድሮው ደን አብዛኛው አልቋል። የተረፈው በየቤተክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ከአውሮፕላን መስኮት ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ሜዳው ሁሉ ቡናማ እርሻ ነው፤ መሀል መሀሉ ላይ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ደብር ነው። በአገሪቱ ከ30,000 በላይ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ እንዳለው ጣራ ገዳም ሰፊ ደን ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። አብዛኛው ደን ጥቂት ሄክታር ብቻ ነው።

በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዶቅማና ጥቁር እንጨት ይገኛሉ። ጉሬዛም ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ጥቁር እንጨት በዓለም ደረጃ ስጋት ያለበት ዛፍ ነው። ልጡ ለፕሮስቴት መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ተልጦ ተመናምኗል። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል። እኛ ዘንድ ግን ከቤተልሔሙ ጀርባ ቆሞ ስሙን የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቹ በደቡብ ጎንደር የቤተክርስቲያን ደኖች አፈር ውስጥ ምን ዘር እንዳለ አጥንተዋል። ከአፈሩ የበቀለው በብዛት ሣርና ቅጠላ ቅጠል ነው። አብዛኞቹ የደን ዛፎች ግን አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዓመታት የሚቆይ ዘር የላቸውም። እናት ዛፏ ከሄደች ተስፋ የሚደረግ ዘር አፈሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። ስለዚህ የሥራችን ቁልፍ ሁለት ነው፦ ቆመው ያሉት እናት ዛፎችና ከእግራቸው ሥር የሚበቅለው ልጅ።

አንደኛ፦ ደኑን በእግራችሁ ዙሩ

ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ስልክና 50 ሜትር ገመድ ይበቃችኋል። አንድ የዕድሜ ባለጸጋ አብረዋችሁ ይዙሩ። የዛፎቹን ስም የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ድሮ ደኑ እስከየት ይደርስ እንደነበር የሚያሳዩዋችሁም እሳቸው ናቸው። የስልክ ካርታ መተግበሪያ ከፍታችሁ ጫፍ ጫፉን ስትዞሩ ዱካችሁን ይመዘግባል፤ ስፋቱንም ያሰላል።

እየዞራችሁ ጠይቁ። ከብቱ የሚገባው በየት ነው? እርሻው ደኑን የገፋው የት ጋ ነው? ጸበሉ ወይም ምንጩ የት ነው? ባሕር ዛፍ ደኑ ውስጥ ገብቷል? መንገዱስ ስንት ነው? ሰው ሲቸኩል አቋራጭ ያወጣል፤ በ3 ሄክታር ደን ውስጥ 11 የእግር መንገድ የቆጠርኩበት ደብር አለ።

ቀጥሎ እናት ዛፎቹን መዝግቡ። ከ10 ያነሱ ትልልቅ ዛፎች ያሉት ዓይነት ሁሉ ለእናንተ ደን ብርቅ ነው። እያንዳንዱን ዛፍ ቁጥር ስጡት፤ ቦታውን በስልክ ያዙት። ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንድና ሴት ዛፍ ለየብቻ አላቸው። «ይኼ ፍሬ የለውም፤ ለምሰሶ ይሁን» የሚባለው ዛፍ ብዙ ጊዜ ወንዱ ነው። እሱ ከተቆረጠ ሴቶቹ ዘር የሚያፈሩበት የለም። ይህን ለአናጢውም ለሰበካ ጉባኤውም ቀድማችሁ ንገሩ።

ከዚያ ወለሉን ቁጠሩ። ይህን ሥራ ማንም አይወደውም፤ ያለሱ ግን በጨለማ መሄድ ነው። በገመድ 10 ሜትር በ10 ሜትር ካሬ ዘርጉ። ለ5 ሄክታር ደን 10 ካሬ ይበቃል፤ ከፊሉ ጫፍ ላይ፣ ከፊሉ መሀል ላይ ይሁን። ማዕዘኑ ላይ ድንጋይ ቀብራችሁ ቀለም ቀቡት፤ በየዓመቱ ትመለሱበታላችሁ። ተንበርክካችሁ የዛፍ ቡቃያዎቹን በሦስት ከፍላችሁ ቁጠሩ፦ ከጉልበት በታች ያለ፣ ከጉልበት እስከ ደረት የሚደርስ፣ ከደረት በላይ ሆኖ ውፍረቱ ገና ክንድ ያላከለ።

ቁጥሩ ችግሩን ይናገራል። ትንሹ በሽ በሽ ሆኖ መካከለኛው ከሌለ ጥፋቱ የከብት ነው። ዘሩ ይበቅላል፤ አድጎ ጉልበት ጋ ሲደርስ ይበላል። በእናት ዛፍ ሥር ትንሹም ከሌለ ወይ ወለሉ ይጠረጋል፣ ወይ ዛፉ ዘር አያፈራም። መካከለኛው ኖሮ ትንሹ ከጠፋ ደግሞ በቅርቡ የተለወጠ ነገር አለ። አዲስ የከብት መንገድ ሊሆን ይችላል፤ የተቆረጠ ወንድ ዛፍም ሊሆን ይችላል። ፈልጉት።

ሁለተኛ፦ ከተጠቃሚው ሁሉ ጋር ተስማሙ

ከካህናቱ ጋር ብቻ ተስማምቶ መጀመር አይበቃም። ደኑን የሚጠቀመው ብዙ ነው። አዋሳኝ ገበሬው አለ። እረኛው አለ። ደረቅ እንጨት የሚለቅሙ እናቶች አሉ። የቆሎ ተማሪዎቹ አሉ። ቀፎ የሰቀለ አለ። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም በተገኙበት ተወያዩ።

እውነቱን ተነጋገሩ። በበጋ ደኑ ለከብቱ ጥላ ነው፤ ሣርም አለው። «ከእንግዲህ አይገባም» ስትሉ እረኛው «ታዲያ የት ልውሰደው?» ይላል፤ መልስ ሊኖራችሁ ይገባል። እኔ ያየሁት የሠራው መልስ ይኼ ነው፦ ደኑን በምናጥርበት የድንጋይ ካብና በዛፎቹ መካከል የሚበቅለው ሣር በኅዳር ታጭዶ ለአዋሳኞቹ ይከፋፈላል። ሣር ተሸክሞ ይወጣል እንጂ ከብት አይገባም። ታዲያ በማጭድ መሀል የዛፍ ቡቃያ እንዳይታጨድ አንድ ቀን ቀድማችሁ እያንዳንዱ ቡቃያ ጎን እንጨት ትከሉ። ከብቱ የሚጠጣው ምንጭ ደኑ ውስጥ ከሆነም ውኃውን በቧንቧ አውጥታችሁ ከካቡ ውጭ ገንዳ ሥሩለት።

ወሰኑን ደግሞ ከቀበሌው የመሬት አስተዳደር ጋር አስለኩ፤ በይዞታ ደብተር አስመዝግቡ። ካቡ ከተሠራ በኋላ «መሬቴ ገባ» የሚል ከመጣ ከጎረቤት ጋር ጠብ ነው፤ ድካማችሁም ከንቱ ይሆናል። ደንቡ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምን እንደተከለከለ፣ ምን እንደተፈቀደ፣ ያጠፋ ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ሦስት ተከታታይ እሑድ ይነበብ። አባቶች ውግዘት ቢጨምሩበት ኃይል አለው፤ በዚህ አገር ከገንዘብ ቅጣት የበለጠ ይፈራል። ላም ግን ውግዘት አትሰማም። ስለዚህ ወደ ካቡ እንሂድ።

ሦስተኛ፦ ካቡን ካቡ

ሽቦ አይመከርም። ምሰሶው ይበሰብሳል፤ ሽቦው አንድ ሌሊት ይሄዳል። ድንጋይ ግን ከየእርሻው ይለቀማል። ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል፤ ማረሻው አይሰበርም። ደኑም አጥር ያገኛል። በደቡብ ጎንደር ዝሃራና ደብረ ሰና በተባሉት አብያተ ክርስቲያናት በዶክተር ዓለማየሁና በአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ድጋፍ የተሠሩት ካቦች በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ሁለት ነገር ግን ይከልከል። ከእርከን ላይ ድንጋይ አይነሳ፤ አፈሩ ይሸረሸራል። ከደኑ ውስጥም አይነሳ፤ በድንጋይ ሥር እርጥበት አለ፣ ከጎኑም ቡቃያ ይጠለላል።

መስመሩን ከዛፎቹ ጫፍ ላይ አታስጠጉ። ወሰኑ ከፈቀደ ከ5 እስከ 10 ሜትር ወደ ውጭ አውጡት። የደን ጫፍ ንፋስና ፀሐይ ስለሚበዛበት ይደርቃል። ያ ባዶ ቦታ ሲበቅል ለመሀሉ ጋሻ ይሆናል፤ ደኑም ይሰፋል። የትልቅ ዛፍ ሥር ካጋጠማችሁ አትቁረጡት፤ ካቡን አዙሩት።

ልኩ እንዲህ ነው። ጠንካራ አፈር እስክታገኙ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። የሥሩ ስፋት 80 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ወደ ላይ እየጠበበ አናቱ ላይ 45 አካባቢ ይድረስ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ40 አይነስ። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይግባ፤ ረዥም ጎኑ ወደ ውስጥ ይሁን። አንዱ ድንጋይ በሁለቱ ላይ ይረፍ፤ መገጣጠሚያው በአንድ መስመር ላይ ከተደራረበ ካቡ ይሰነጠቃል። በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ከዳር እስከ ዳር የሚደርስ ማሰሪያ ድንጋይ አግቡ። መሀሉን በጠጠር ድንጋይ ሙሉት። አፈር እንዳትጨምሩ! ክረምት ሲመጣ አፈሩ ይታጠባል፤ ካቡ ሆዱን ያወጣና በመስከረም መሬት ላይ ታገኙታላችሁ። ጎርፍ በሚያልፍበት ቦታ ሥሩ ላይ የተጨበጠ እጅ የሚያሳልፉ ቀዳዳዎች ተዉ። ለፍየል ደግሞ አናቱ ላይ ወደ ውጭ ትንሽ የወጣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የቀጋ እሾኽ ደርድሩ።

የበሩ ነገር እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአንድ ደብር ከብት እንዳይገባ ብለን ጠበብ አድርገን 90 ሳንቲ ሜትር በር ሠራን። ካቡ ካለቀ በሳምንቱ ሰው ሞተ። አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ መጣ፤ አላልፍ አለ። ሬሳ ደጅ አይቆምም፤ ሰዉ ካቡን አፍርሶ ገባ። ትክክል ነበሩ፤ ያጠፋነው እኛ ነን። አሁን ዋናውን በር 2 ሜትር ተኩል አደርገዋለሁ። ታቦት ሲወጣ ጥላ የያዙ ዲያቆናትና ካህናት ጎን ለጎን ማለፍ አለባቸው። ለየዕለቱ መግቢያ ሌላ ትንሽ ጥምዝ በር ሥሩ፦ ሁለት አጭር ካቦች ፊት ለፊት ተፈራርቀው ይቁሙ፤ ሰው ዞር ብሎ ይገባል፤ ላም ወገቧ አይታጠፍም። ለዋናው በር መዝጊያ በገመድ ድንጋይ አንጠልጥሉበት፤ የገባው ሰው ቢረሳ ድንጋዩ ስቦ ይዘጋዋል።

ሥራው ከጥር እስከ ሚያዝያ ይሁን፤ አዝመራው ከገባ በኋላ ሰው ጊዜ አለው። በበዓል ቀን እርሻ ባይታረስም በብዙ ቦታ ለቤተክርስቲያን ድንጋይ ማቅረብ ይፈቀዳል፤ አባቶችን ጠይቁ። ካቡን በሜትር ሸንሽናችሁ ለየጎጡና ለየማኅበሩ አካፍሉ። የሚካኤል ማኅበር ከማርያም ማኅበር አላንስም ሲል ማየት ነው! ሁለት ጥሩ የካብ ባለሙያ ግን በደመወዝ ቅጠሩ። ማዕዘኑንና በሩን እነሱ ይያዙት።

አራተኛ፦ ወለሉን ተዉት

ከብቱ ከወጣ በኋላ ትልቁ ጠላት መጥረጊያ ነው። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው እናቶች አሉ። ለንግሥ በዓል ግቢውን ማጽዳት በረከት ነው፤ እኔም ልጅ ሆኜ ጠርጌያለሁ። ግን ቅጠሉ ሲጠረግ የዛፉ ዘር አብሮ ይሄዳል። የአፈሩ ልብስ ይገፈፋል፤ በመጋቢት ፀሐይ ቡቃያው ይጠወልጋል። አባቶች «ደኑ የቤተክርስቲያኑ ልብስ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ለእናቶቹ «ቅጠሉ የደኑ ልብስ ነው» እላቸዋለሁ፤ ይገባቸዋል። መጥረግ በቤተክርስቲያኑ ዙሪያና በመንገዱ ላይ ብቻ ይሁን። ፕላስቲኩ ግን ከየትም ይለቀም፤ በተለይ ጸበል አካባቢ የሚጣለው ጠርሙስ።

«ጫካው ይመንጠር፤ ዛፉ ይተንፍስ» የሚል አይጠፋም። አጋም፣ ቀጋና ክትክታ ለዛፉ ሞግዚት ናቸው። አጋምና ቀጋ በእሾኻቸው ይጠብቁታል፤ ሁሉም በጥላቸው ያቀዘቅዙታል። ወይራ በተለይ በቁጥቋጦ ሥር ማደግ ይወዳል። የወደቀ ዛፍም ቢሆን ሁሉም አይውጣ። ግማሹ ለቤተክርስቲያኑ ጥቅም ይዋል፤ ግማሹ እዚያው ይበስብስ። መንገዱን ደግሞ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ቀንሱ፤ ሌላውን በእሾኽ ዝጉት። በሁለት ክረምት ይሸፈናል።

አምስተኛ፦ ባሕር ዛፍና የወፍ ቆሎ

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ብዙ ጎጆ ከድኗል። ለብዙ ደብርም ገቢ ነው፤ የጧፉ፣ የዕጣኑ፣ የካህናቱ ገንዘብ ከእሱ ይወጣል። ስለዚህ «ንቀሉት» ብቻ የሚል መካሪ አትስሙ። እኔ የምለው ከደኑ ውስጥ ይውጣ፤ ከካቡ ውጭ፣ ከምንጩ ርቆ፣ በራሱ ቦታ ይተከል ነው። የአዲሱ ገቢ እስኪደርስ የውስጡ በአራት ዙር ይቆረጥ። ሁሉንም በአንዴ ከቆረጣችሁት ፀሐዩ ወለሉን ያቃጥለዋል፤ ደብሩም ገቢው ይቋረጣል።

ቆረጣው በበጋ ይሁን። ዛፉ ቡቃያ ወደሌለበት አቅጣጫ ይጣል። ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በየሁለት ወሩ ቁጥቋጦውን በመጥረቢያ ጀርባ እየመታችሁ አውልቁት። ሳይሰለቹ ሁለት ዓመት ከተከታተሉት ይሞታል። አንድ ክረምት ከዘለላችሁት ግን እንደ አዲስ ነው።

የወፍ ቆሎ የምንለው ባለ ቀለም አበባ ቁጥቋጦ ከውጭ የመጣ ነው። ወፍ ፍሬውን በልቶ ይበትነዋል። ከእነሥሩ ንቀሉት፤ ፍሬው ሳይጠቁር። አፈሩ እርጥብ ሲሆን፣ ሐምሌ ላይ፣ በቀላሉ ይነቀላል።

ስድስተኛ፦ አሁን ችግኝ

ካቡ ከቆመ ሁለት ክረምት ጠብቁና እንደገና ቁጠሩ። አብዛኛውን ደኑ ራሱ ይሠራዋል። መትከል ያለባችሁ ራሱን ያልተካውን ዓይነት ብቻ ነው። ዘሩ ከራሳችሁ ደን ወይም ከጎረቤት ደብር ይሁን። ከአንድ ዛፍ ብቻ አትልቀሙ፤ ተራርቀው ከቆሙ ቢያንስ 10 እናት ዛፎች ሰብስቡ። በደናችሁ 10 ከሌሉ ከሌላ ደብር ጋር ዘር ተለዋወጡ።

የእያንዳንዱ ዘር ጠባይ ይለያያል። የጽድ ፍሬ ብዙው ባዶ ነው። ባልዲ ውኃ ውስጥ ጨምሩት፤ የተንሳፈፈውን ጣሉ፣ የሰጠመውን ዝሩ። ጥቁር እንጨት ትኩስ ይዘራ፤ ሥጋው ታጥቦ በጥላ ይቆይ እንጂ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሞታል። ለሚቀጥለው ዓመት አስቀምጠዋለሁ አትበሉ። የወይራ ፍሬ ውስጡ እንደ አጥንት ነው። ጫፉን በጉጠት በጥንቃቄ ስበሩለት፤ አለዚያ ትጠብቃላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ አይበቅልም። ዝግባ ጊዜ ይፈልጋል፤ ወራት ቢፈጅባችሁ መደቡን አትገልብጡት። የኮሶ ዘር ቀላል ነው፤ አፈር ላይ በትናችሁ በስሱ ብቻ ሸፍኑት።

ቦታ አመራረጡም እንዲሁ ነው። ኮሶ፣ ዋንዛና ብሳና ፀሐይ ይወዳሉ፤ ባሕር ዛፍ የወጣበት ክፍት ቦታ የነሱ ነው። ዝግባና ጥቁር እንጨት በልጅነታቸው ጥላ ይችላሉ። ወይራን በአጋም ጎን አስጠግታችሁ ትከሉት፤ እኔ ያንን ቁጥቋጦ አልረሳውም።

ጉድጓዱ በሰኔ ይቆፈር፤ 40 ሳንቲ ሜትር ይጥለቅ፤ የላዩ አፈር ለብቻ ይቀመጥና መጀመሪያ ይመለስ። ተከላው አፈሩ ሲጠግብ ይሁን። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ምርጥ ጊዜ ነው። ከዚያ ከዘገየ ሥሩ ሳይዝ ዝናቡ ይወጣል። ፕላስቲኩን አውልቁ። ይህን በየዓመቱ እናገራለሁ፤ በየዓመቱም ከነፕላስቲኩ የተተከለ አገኛለሁ። ቁጥሩ ይቀንስ፤ እንክብካቤው ይብዛ። 40 ተክሎ 30 ማጽደቅ 300 ተክሎ 9 ከማግኘት ይበልጣል።

ሰባተኛ፦ ማገዶ፣ መቃብርና አዲስ ሕንፃ

የቆሎ ተማሪ ሳይበስል አይበላም፤ እንጨት ይፈልጋል። ከልክሎ መተው ግፍ ነው። ከካቡ ውጭ ካለው ባሕር ዛፍ በወር የተወሰነ ሸክም ይመደብላቸው፤ ቁጠባ ምድጃም ይሠራላቸው። ቀፎ መስቀል ግን ይፈቀድ። ማር ያለበት ደን ጠባቂ አያጣም። ጭሱን ሲያጤሱ ሁለት ሰው ውኃ ይዞ ይቁም፤ በየካቲት አንድ ፍም ደኑን ይበላዋል።

መቃብር በየዛፉ ሥር አይበተን። አንድ ወገን ይከለል። የሲሚንቶ ሐውልት የሚሠራ ቤተሰብ ካለ ከዛፍ ሥር ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ።

ከሁሉ የከበደው አዲሱ ሕንፃ ነው። ብዙ ደብር አሮጌውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያስባል። ገንዘቡም ብዙ ጊዜ ከውጭ ካላችሁት ልጆች ይመጣል። ሰፊ ቤተክርስቲያን መመኘት መልካም ነው። ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ግን አራት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ዛፍ ይወድቃል? አሸዋና ድንጋዩ የት ይራገፋል? መኪናው በየት ይገባል? ሽንት ቤቱ የት ይቆፈራል? እኔ ካየሁት፣ ከሕንፃው ራሱ ይልቅ ብዙ ዛፍ የጨረሰው የአሸዋ መኪናው መንገድ ነው። መሐንዲሱ አንድ መንገድ ብቻ እንዲያወጣ በውሉ ላይ ይጻፍ። የእናት ዛፎቹ ዝርዝርም ለእሱ ይሰጠው።

ስምንተኛ፦ በየዓመቱ ተመለሱ

ጥቅምት ላይ ካቡን ዙሩ። ክረምት ያፈረሰውን ያኔውኑ ጠግኑ፤ አንድ ክንድ ክፍተት ከተተወ ላሟ ከናንተ ቀድማ ታውቀዋለች። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አስቀሩ። ከውጭ የምትልኩ ሁሉንም በአንዴ አትላኩት። ሦስት አራተኛው ለካቡ ሥራ ይሁን፤ ቀሪው ለሚቀጥሉት ዓመታት ጥገናና ለጥበቃው ደመወዝ ይቆይ። ለካብ የሚያዋጣ ሞልቷል፤ ለዘበኛ ደመወዝ የሚያዋጣ ግን እስካሁን ብዙ አላገኘሁም።

ያንኑ ካሬ በጥቅምት አንዴ፣ በግንቦት አንዴ ቁጠሩ። የጥቅምቱ ምን እንደበቀለ ይነግራችኋል። የግንቦቱ ደግሞ በጋውን ማን እንደተሻገረ ይነግራችኋል፤ ለእኔ የሚበልጠው የግንቦቱ ቁጥር ነው። ካሬው ማዕዘን ላይ ቆማችሁ በየጊዜው ከዚያው ቦታ፣ ወደዚያው አቅጣጫ አንድ ፎቶ አንሱ። የሰንበት ተማሪዎችን አስቆጥሩ፤ ዓይናቸው ከኛ ይሻላል፣ ለመንበርከክም አይሰንፉም።

ቁጥሩን በአንድ ወፍራም ደብተር ጻፉት። ቀን፣ የቆጠረው ሰው፣ የካሬው ቁጥር፣ የዛፉ ስም፣ ስንት ትንሽ፣ ስንት መካከለኛ፣ ስንት ትልቅ። ገጹን በስልክ ፎቶ አንሱና አዲስ አበባም ውጭም ላሉት ላኩ። ደብተሩን ግን ኮሚቴ ሰብሳቢ ቤት አታስቀምጡ። ለቄሰ ገበዙ ስጧቸው፤ ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር ዕቃ ቤት ይቆለፍበት።